«ሪካፕ አድርጊልን» ስባል ምን ማለት ነበረብኝ? ሪካፕና ሰመራይዝ ልዩነታቸው ምንድነው

ፊደል ቆጣሪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ከመጻፌ በፊት ዲክሽነሪ አይቻለሁ፣ ዲክሽነሪው ግን ሪካፕ ማለት ሰመራይዝ ነው ይላል፣ ሰመራይዝ ጋ ስሄድ ደግሞ ዋና ዋናውን ባጭሩ መናገር ይላል፣ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ ነው እስከዛሬ የኖርኩት። ባለፈው ሳምንት ግን ስራ ቦታ ኦንላይን ስብሰባ ላይ ሆነን አንድ ሰአት ተኩል ገደማ ከተወራ በኋላ ስብሰባውን የምትመራው ሴትዮ በእንግሊዝኛ «ካን ዩ ሪካፕ ፎር አስ?» አለችኝ። እኔ ማጠቃለያ ስጪ ማለቷ ነው ብዬ «የመጀመሪያው እቅድ ይሻላል፣ ሁለተኛው ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ብንሄድ ጥሩ ነው» ብዬ ጨረስኩ። ዝም ተባለ። ከዛ «ኖ፣ ጀስት ሪካፕ» ብላ ደገመችልኝና ምን እንደምጨምር ግራ ሲገባኝ ለሌላ ሰው ሰጠችው። እሱ ከራሱ ምንም ሳይጨምር ምን ምን እንደተነሳ፣ ምን ላይ እንደተስማማን፣ ምን እንደቀረ ብቻ በሁለት ደቂቃ ተናግሮ ጨረሰ።

በጣም ነው የከፋኝ፣ ምክንያቱም ከተወራው አንድም ነገር አላመለጠኝም ነበር፣ ማስታወሻም ይዤ ነበር፣ ያሳተኝ ቃሉ ነው። እና ጥያቄዬ ሪካፕ ከሰመራይዝ በምን ይለያል? ሰም አፕ የሚሉትስ? ሌላው ደግሞ ሪካፕ የሪከፒቹሌት ማሳጠሪያ ነው ሲባል አነበብኩ፣ ካፒቹሌት ማለት ደግሞ እጅ መስጠት ነው፣ ታዲያ ሪከፒቹሌት እንደገና እጅ መስጠት ነው ማለት ነው? ግንኙነቱ ሊገባኝ አልቻለም። የምታውቁ እባካችሁ።


ማታ አንባቢ

ሪካፕ ማለት የተባለውን መልሶ ባጭሩ ማለት ነው። ሰመራይዝ ማለት ረጅሙን ማሳጠር ነው። አንቺ የሰጠሻቸው አስተያየት ነው፣ እሱ ሁለቱም ውስጥ የለም። አይዞሽ ግን እኔም ብሆን እንደዛ ነበር የምመልሰው።


አስተርጓሚዋ

እህቴ፣ እኔ ስህተቱ እንግሊዝኛሽ ላይ ነው ብዬ አላምንም፣ አማርኛችን ላይ ነው። በራስሽ ጽሁፍ ውስጥ እኮ አለ፣ «ማጠቃለያ ስጪ ማለቷ ነው ብዬ» ብለሻል። ማጠቃለል የምንለው ቃል ስንት ስራ እንደሚሰራ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ረጅም ነገር ስናሳጥር አጠቃለልኩት እንላለን። ድርሰት ስንጽፍ መግቢያ፣ ሐተታ፣ ማጠቃለያ ብለን መጨረሻ ላይ የምንደመድምበትም ማጠቃለያ ነው። «ዋጋው ትራንስፖርትን ያጠቃልላል» ስንል ደግሞ ውስጡ አለበት ማለታችን ነው፣ ስራውን አጠቃሎ ሄደ ስንልም ጨረሰው ማለታችን ነው። ለነዚህ አራት ነገሮች እንግሊዝኛው አራት የተለያየ ግስ ነው የሚጠቀመው፣ ለማሳጠሩ ሰመራይዝ፣ ለመደምደሙ ኮንክሉድ፣ ለማካተቱ ኢንክሉድ፣ ለመጨረሱ ራፕ አፕ። ሪካፕን ደግሞ ብዙ ሰው በአማርኛ ሲፈልግ እዛው ማጠቃለል ላይ ይወድቃል፣ እና አንቺ ከአራቱ ትርጉም ኮንክሉድ የሚለውን አንስተሽ ሄድሽ ማለት ነው፣ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

ይሄን በደንብ የማውቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። በቃል ማስተርጎም ስጀምር አንድ ተናጋሪ ንግግሩ መሀል ላይ «ሌት ሚ ሪካፕ» አለ፣ እኔም ፈጠን ብዬ «ላጠቃልል» ብዬ ተረጎምኩ። ሰዉ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ፣ ከኋላ ያጨበጨበም አለ፣ ተናጋሪው ግን ገና ግማሹ ነበር የቀረው። ያን ቀን የሱን ፊት ሳይ የገባኝ ነገር፣ ሪካፕ መሀል ላይም ይመጣል፣ ከሱ በኋላ ወሬው ሊቀጥል ይችላል፣ እንደውም ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለመቀጠል ነው፣ አድማጭ ከየት እንደመጣን አውቆ ቀጣዩን እንዲከተል። ማጠቃለል የሚለው ቃል ግን ለኛ ጆሮ አለቀ የሚል ምልክት ነው። ከዛ ወዲህ ሪካፕ ሲመጣብኝ «እስካሁን የተባለውን መለስ ብለን ባጭሩ ስናየው» ነው የምለው። ይረዝማል፣ አውቃለሁ፣ ግን አያሳስትም። አጠር ካለ ደግሞ «እስካሁን ያልነውን ላስታውስ» በቂ ነው።

ሰም አፕ ትንሽ ከሁለቱም ይለያል። ሰም ድምር ነው፣ ስለዚህ ሰም አፕ ውስጥ ሁሉ ተደምሮ ምን ሆነ የሚል ነገር አለበት። አንድ ሰው ብዙ ካወራ በኋላ በአንድ አረፍተ ነገር ፍሬ ነገሩን ብትይ ሰም አፕ አደረግሽ ማለት ነው። ሰውን ሰም አፕ ማድረግም አለ፣ አይቶ ምን አይነት ሰው እንደሆነ መገመት ማለት ነው። እንግሊዝ ፍርድ ቤት ደግሞ ዳኛው ጁሪው (ከህዝብ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ሰዎች) ለውሳኔ ከመግባቱ በፊት ማስረጃውንና ህጉን የሚያስረዳበት ሰሚንግ አፕ የሚባል ነገር አለ። እንደምታዪው ሚዛን የማስቀመጥ ነገር ትንሽ ይነካካዋል። ያንቺን መልስ እንኳን ሰም አፕ ብትልሽ ኖሮ በግድም ቢሆን ይቀበሉሽ ነበር፣ ሪካፕ ስትል ግን ያንቺን ሚዛን አልጠየቀችሽም።


ሥር ፈላጊ

ለሁለተኛው ጥያቄሽ እኔ ልመልስ፣ ይሄ ነገር በጣም ደስ የሚለኝ ርዕስ ነው።

ካፒቹሌትና ሪከፒቹሌት ዝምድና አላቸው ግን እንደገና እጅ መስጠት አይደለም። ሁለቱም የሚመጡት ካፑት ከሚለው የላቲን ቃል ነው፣ ካፑት ራስ ማለት ነው፣ የሰው ጭንቅላት። ከሱ ካፒቱሉም ይወጣል፣ ትንሽ ራስ እንደማለት፣ ይሄ ደግሞ ለጽሁፍ ክፍል ራስጌ መጠሪያ ሆነ፣ ቻፕተር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሱ ልጅ ነው። ከዚህ ተነስተሽ ሪከፒቹሌትን ስታዪው ሪ ማለት እንደገና፣ ካፒቱሉም ማለት ርዕስ፣ ባንድ ላይ በርዕሶቹ ላይ እንደገና መሄድ ይሆናል።

አሁን አማርኛውን እዪልኝ። እኛም እኮ ርዕስ የምንለው ከግዕዙ ርእስ ነው፣ ርእስ ማለት ራስ ነው! ርዕሰ ከተማ፣ ርዕሰ አንቀጽ፣ ርዕሰ መምህር፣ ሁሉም ራስ ናቸው። ዜና ሲያልቅ አንባቢው አርዕስተ ዜናውን ደግሞ ያነባል አይደል? እሱ ነገር በትክክል ሪከፒቹሌሽን ነው፣ ቃል በቃል ርዕሶቹን መድገም። ዜና አንባቢው ርዕሶቹን ሲደግም አስተያየት አይጨምርም፣ አዲስ ዜናም አያስገባም፣ የተነበበውን ብቻ ነው በየራስጌው የሚነካው። እኔ ሪካፕን ለሰው ሳስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ምዕራፍ የሚለው ቃላችን ግን በሌላ መንገድ የመጣ ነው፣ ካረፈ ነው፣ ማረፊያ ማለት ነው፣ አንባቢ የሚያርፍበት። ላቲኖቹ ክፍሉን ከራሱ ጠሩት፣ ግዕዙ ከማረፊያው ጠራው፣ ሁለቱም ያምራል።

ካፒቹሌት እንዴት እጅ መስጠት ሆነ ላልሽው፣ መጀመሪያ ትርጉሙ ነገሮችን በርዕስ በርዕስ ከፋፍሎ ውል መጻፍ ነበር። የተከበበ ከተማ ወይ ጦር እጁን ሲሰጥ እንዴት እንደሚሰጥ ቅድመ ሁኔታው በየአንቀጹ ይጻፋል፣ ቀስ በቀስ ቃሉ ከወረቀቱ ወደ ድርጊቱ ሄደና በቃ እጅ መስጠት ሆነ። ሪከፒቹሌት ያንን መንገድ አልሄደም፣ እሱ ርዕሱ ላይ ቀረ። ካፒታል፣ ካፒቴን፣ ቺፍ፣ ሼፍ፣ እነዚህም ከዛው ከራስ የወጡ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ግሪክም ራስን ኬፋሌ ይላል፣ ከሱ የወጣ አንድ ግስ አዲስ ኪዳን ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፣ ሮሜ 13፥9 ላይና ኤፌሶን 1፥10 ላይ። ሮሜ ላይ ትእዛዛቱ ሁሉ ባንድ ቃል ውስጥ ይገባሉ ሲል፣ ኤፌሶን ላይ ደግሞ ሁሉን በክርስቶስ ስለመጠቅለል ሲናገር ነው፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም ቦታ ጠቀለለ በሚለው ግስ ነው የተረጎመው። ማጠቃለልም ከዚሁ ከጠቀለለ ነው። ስለዚህ የኛ ምስል ጥቅልል ነው፣ የተዘረጋን ነገር መጠቅለል፣ የነሱ ምስል ደግሞ ራስ ነው፣ በየራስጌው መንካት። የተጠቀለለ ነገር አልቋል፣ ይታሰራል ይቀመጣል። ራስ ራሱን የነካሽው ነገር ግን ገና እንደተዘረጋ ነው። አስተርጓሚዋ የነገረችንን የጭብጨባ ታሪክ ሳነብ የገባኝ ይሄ ነው።


ልብ በል

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን አንድ ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። ሪካፕ አድማጩ የሚያውቀውን ማስታወስ ነው ከተባለ፣ ዩትዩብ ላይ ሙቪ ሪካፕ እየተባሉ የሚወጡት ቪዲዮዎችስ? እኔ ፊልሙን ሳላየው ነው የማየው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩልኛል፣ ምንም የሚያስታውሱኝ ነገር የለም። ጌም ሪካፕም እንደዛው ነው፣ ጨዋታው ያመለጠው ሰው ነው የሚያነበው። ታዲያ ይሄ ሰመሪ አይደለም ወይ? ወይስ ዝም ብለው ነው ሪካፕ የሚሉት?


አስተርጓሚዋ

ልብ በል ልክ ነህ፣ እኔም አድማጩ ያውቀዋል የሚል ነገር ውስጤ ነበረ፣ ጥያቄህን ካየሁ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። መነሻው እንደዛ ነው፣ ተከታታይ ድራማ ሲጀምር «ፕሪቪየስሊ» ብሎ ያለፈውን ክፍል ቆራርጦ እንደሚያሳየው፣ አይተኸዋል ግን ረስተኸዋል ተብሎ ነው የሚደረገው። አሁን ግን ሰፍቷል፣ ያመለጠውም ሰው ሪካፕ ይጠይቃል፣ ትክክልም ነው።

ያልተለወጠው ነገር ምን መሰለህ፣ ሪካፕ የሚደረገው ነገር በጊዜ ውስጥ ያለፈ መሆኑ ነው። ጨዋታ፣ ስብሰባ፣ ፊልም፣ የድራማ ክፍል፣ ክርክር፣ ትናንት ክላስ የተማራችሁት፣ እነዚህ ሁሉ ጀምረው የሄዱ ወይ ያለቁ ነገሮች ናቸው፣ አንተ ተመልሰህ ትሄድባቸዋለህ። አንድ የህግ ሰነድ ወይ የጥናት ወረቀት ስጥና ሪካፕ አድርግልኝ በለው ሰውዬውን፣ የሆነ ቅር የሚል ነገር አለው፣ እሱን ሰመራይዝ ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም ወረቀቱ እዛው ተቀምጧል፣ አልሄደም። ሪካፕ ላለፈ ነገር ነው፣ ሰመራይዝ ላለፈውም ለተቀመጠውም ይሆናል። ስለዚህ ግራ የገባው ሰው ሰመራይዝ ቢል ብዙ ቦታ አይሳሳትም፣ ሪካፕ ግን ቦታ ይመርጣል።

ፊደል ቆጣሪዋ፣ ይሄ ላንቺም ይጠቅምሻል። ሪካፕ ስትባዪ «ምን አለፈ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ኮንክሉድ ስትባዪ «ስለዚህ ምን?» ነው። ያንቺ መልስ ውስጥ ሁለት ጊዜ የታየው ስለዚህ ነው የሚመስለኝ፣ አንድ ጊዜ በአፍ፣ አንድ ጊዜ በልብ።


ቾክ በእጄ

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ትርጉሙ በደንብ ተብራርቷል፣ እኔ አጠቃቀሙ ላይ ልግባ ምክንያቱም በየአመቱ ተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ቀይ የማሰምርባቸው ስህተቶች እነዚሁ ናቸው።

አንደኛው «ሰመራይዝ ሚ ዘ ቡክ» የሚለው ነው። ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው፣ አማርኛ ላይ «መጽሐፉን አሳጥርልኝ» ስንል ልኝ የምትለዋ ግሱ ላይ ተለጥፋ ነው ያለችው፣ ተማሪውም ሚ የሚለውን ግሱ ላይ ይለጥፋል። እንግሊዝኛው ግን ልኝን ወደ መጨረሻ ወስዶ ፎር ሚ ይላታል፣ «ሰመራይዝ ዘ ቡክ ፎር ሚ»። ሪካፕም እንደዛው፣ ሴትዮዋ «ሪካፕ ፎር አስ» እንጂ «ሪካፕ አስ» አላለችም። የሚገርመው ሪካፕን ስም አድርገሽ ጊቭ ከሚለው ጋር ካመጣሽው ሰውየው መሀል ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል፣ «ጊቭ አስ ኤ ሪካፕ» ትክክል ነው፣ እሱ ግን የጊቭ ጸባይ ነው እንጂ የሪካፕ አይደለም።

ሁለተኛው አባውት መጨመር ነው። «ሰመራይዝ አባውት ዘ ሚቲንግ»፣ «ሪካፕ አባውት ዘ ሌሰን»። ይሄ ደግሞ ስለ ከሚለው የመጣ ነው፣ ስለ ስብሰባው አጠቃልሎ ተናገረ እንላለና። እንግሊዝኛው ላይ ሁለቱም ግሶች ቀጥታ ነው የሚይዙት፣ ሰመራይዝ ዘ ሚቲንግ፣ ሪካፕ ዘ ሌሰን፣ መሀል አባውት አይገባም።

ሰም አፕ ላይ ደግሞ ኢት የምትለዋ ቃል መሀል ነው የምትገባው፣ «ሰም ኢት አፕ» እንጂ «ሰም አፕ ኢት» አይባልም። ረጅም ስም ከሆነ ግን ከኋላ ይሁን።

አጻጻፍ ላይ ሪካፕ ኃላፊ ጊዜ ሲሆን ፒ ይደገማል፣ አይኤንጂ ሲጨመርም ይደገማል። አንድ ፒ ብቻ ከተጻፈ ሪኬፕድ ተብሎ የሚነበብ ነው የሚመስለው። ሰመራይዝ በኤስ ነው በዚ ነው ለሚለው አሜሪካኖቹ በዚ ይጽፋሉ፣ እንግሊዞቹ በብዛት በኤስ፣ አንዱን መርጠሽ እስከ መጨረሻው በሱ ሂጂ፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን መቀላቀል ነው ችግሩ። አነባበብ ላይ ሪካፕ ሲባል ጫናው ሪ ላይ ይሁን፣ ረጅሙ ሪከፒቹሌት ላይ ግን ፒ ላይ ነው። ረጅሙን በንግግር ብዙም አትጠቀሚበት፣ ሰው አይልም ማለቴ አይደለም፣ ግን ከበድ ይላል፣ የመጽሐፍና የአካዳሚክ ቃል ሆኗል።

ደግሞ «ሪካፕ አጌን» አትበሉ እባካችሁ፣ ሪ የምትለዋ ራሷ እንደገና ናት፣ ሥር ፈላጊ ከላይ እንዳለው። ሁለት ጊዜ ሪካፕ ካደረግሽ ብቻ ነው አጌን የሚመጣው።


ማታ አንባቢ

አስተማሪ እግረ መንገዴን፣ ሪዙም የሚለውስ? ሬዙሜ ማለት የስራ ልምድ ማጠቃለያ አይደል፣ ስለዚህ ሪዙም ማድረግ ማጠቃለል ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ነበር።


ቾክ በእጄ

አይደለም፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነው። ፈረንሳይኛው ላይ ግሱ እውነትም ማሳጠር ማጠቃለል ነው፣ ሬዙሜ የሚለው ስምም ከዛ ነው የመጣው። እንግሊዝኛው ግን ሪዙም ሲል ካቆሙበት መቀጠል ማለት ነው። ስብሰባው ከእረፍት በኋላ ሪዙም ያደርጋል ካሉ ይቀጥላል ማለታቸው ነው፣ ያልቃል ብለሽ እንዳትወጪ። በላቲን ሁለቱም መልሶ ከመውሰድ የመጡ ናቸው፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ግን ለየብቻ ሄዱበት።


ሶልፌጅ

እኔ ከሙዚቃ በኩል ነኝ፣ እዚህ የተባለው ላይ ትንሽ ልቃወም፣ ቢያንስ ረጅሙ ቃል ላይ። ሁላችሁም ማሳጠር ማሳጠር ብላችኋል፣ ሪከፒቹሌሽን እኛ ጋ ማሳጠር አይደለም! ሶናታ ፎርም የሚባለው የሙዚቃ ቅርጽ ሶስት ትልልቅ ክፍል አለው፣ መጀመሪያ ኤክስፖዚሽን ዜማዎቹ የሚቀርቡበት፣ ቀጥሎ ዴቬሎፕመንት እነሱ የሚበታተኑበት፣ የሚገላበጡበት፣ ኪ (ዜማው የሚቆምበት መሠረታዊ ድምጽ) እየቀያየሩ የሚሄዱበት፣ ከዛ ሪከፒቹሌሽን፣ ዜማዎቹ የሚመለሱበት። ሲመለሱ አጥረው አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍል ያህል ነው የሚረዝመው። የሚለየው ሁለተኛው ዜማ መጀመሪያ ላይ ሌላ ኪ ላይ የነበረው አሁን ቤቱ ገብቶ በዋናው ኪ መምጣቱ ነው። ያ ጊዜ ሲመጣ ሰውነቴን ነው የሚወረኝ፣ ከሩቅ መንገድ ተመልሶ በር የከፈተ ሰው ይመስላል።

ስለዚህ ለኔ የቃሉ ክብደት ያለው ሪ ላይ ነው፣ መመለሱ ላይ። ማጠሩ በርዕስ በርዕስ ስለሚሄድ የመጣ ነገር ነው እንጂ ዋናው እሱ አይመስለኝም።


ሥር ፈላጊ

ሶልፌጅ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ሳልጠቅስ ማለፌ ቆጨኝ። ባዮሎጂም ውስጥ እንዳንተው ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል በ1866 እ.ኤ.አ. ጽንስ ሲያድግ የዘር ሐረጉን ታሪክ ሪከፒቹሌት ያደርጋል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፣ ማለትም አያት ቅድመ አያቶቹ ያለፉበትን ደረጃ በአጭር ጊዜ ይደግማል። ሐሳቡ እሱ ባለው መልክ ዛሬ ተቀባይነት የለውም፣ ቃሉ ግን እዛ ውስጥ ቀርቷል። እዚህም መድገም ነው። ከዛ በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የሊዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ አዳም ያበላሸውን መንገድ ክርስቶስ እንደገና ሄዶበት አቀናው ብሎ ሲያስተምር የዚህ ትምህርት ስም ሪከፒቹሌሽን ነው የሚባለው። እዛ ዋናው ማሳጠር አይደለም፣ እንደገና መሄድ ነው።

ስለዚህ ተቃውሞህን ተቀብያለሁ። ረጅሙ ቃል መመለስን ይዞ ቀረ፣ ትንሹ ልጁ ሪካፕ መመለሱንም ማጠሩንም ይዞ ወጣ። ራሱ አጥሮ የለ።


ልብ በል

ያለቀ ጎማ ላይ አዲስ ሽፋን መለበጥም ሪካፕ ይባላል አሜሪካ፣ እሱስ ከዚሁ ነው?


ሥር ፈላጊ

አይ፣ እሱ ሌላ ቃል ነው፣ አጋጣሚ ተመሳሰሉ። እሱ ካፕ ከሚለው ነው፣ ቆብ እንደሚባለው፣ እንደገና ቆብ ማልበስ። የስብሰባው ሪካፕ ግን የሪከፒቹሌት ቁራጭ ነው።


ፊደል ቆጣሪዋ

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም፣ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የማጠቃለሉ ነገር በተለይ ልቤ ውስጥ ገባ፣ ለካ የራሴ ቋንቋ ነው አስቀድሞ የመለሰልኝ። አሁን የዛን ቀን ማስታወሻዬን አውጥቼ ማለት የነበረብኝን ለመጻፍ ሞከርኩ፣ እንግሊዝኛውን ከዚህ ነው የምሰራው፣ እስቲ እዩልኝ።

«እስካሁን ያየነውን ባጭሩ ላስታውስ። ሁለት እቅዶች አይተናል። የመጀመሪያው ቶሎ እንደሚያልቅ ተስማምተናል። ሁለተኛው ጥራቱ የተሻለ ቢሆንም ጊዜ ይፈጃል። ቁጥሮቹን ማን እንደሚያጣራ ገና አልወሰንም።»

የራሴን አስተያየት አውጥቻለሁ። አሁን ሪካፕ ሆነ?


አስተርጓሚዋ

ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፣ አንዲት ቃል ላይ ግን ቁሚልኝ። «ተስማምተናል» ያልሽው ላይ እውነት ሁሉም ተስማምቶ ነበር? ወይስ አንድ ሰው ተናግሮ ሌላው ዝም ብሎ ነው? ይሄን የምጠይቅሽ ሪካፕ ላይ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ሐሳብ አቅርቦ እያለ ሪካፕ የሚያደርገው ሰው ተስማማን ካለ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው እንደ ውሳኔ ይጽፈዋል፣ ሳምንት ቆይቶ እኔ መቼ ተስማማሁ የሚል ሰው ይመጣል። ስለዚህ ሶስቱን ለይተሽ ያዢ፣ የተባለው፣ የተስማማንበትና የቀረው። የተባለውን ከሆነ ማን እንዳለው መጥራት ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ «ቢሆንም» የምትለዋ። ጥራቱ የተሻለ ቢሆንም ጊዜ ይፈጃል ስትዪ ሚዛኑን ወደ መጀመሪያው እቅድ ገፋ አድርገሽዋል፣ ቀስ ብላ አስተያየትሽ ተመልሳ ገብታለች። በቃ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው።


ፊደል ቆጣሪዋ

እውነትሽን ነው፣ ማስታወሻዬን መልሼ ሳየው ቶሎ ያልቃል ያለው አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ሰው ራሱን ነቀነቀ፣ ሌሎቹ ምንም አላሉም። «ቢሆንም»ን ደግሞ እንዳስገባኋት እንኳን አላወቅኩም ነበር። እንዲህ አስተካከልኩት፦

«እስካሁን የተባለውን ባጭሩ ላስታውስ። ሁለት እቅዶች አይተናል። ስለ መጀመሪያው ቶሎ ያልቃል የሚል ሐሳብ ከእቅድ ክፍሉ ቀርቧል። ስለ ሁለተኛው ጥራቱ የተሻለ ነው፣ ጊዜ ግን የበለጠ ይወስዳል የሚሉ ሁለት ነጥቦች ተነስተዋል። የትኛውን እንደምንይዝ አልተወሰነም። ቁጥሮቹን ማን እንደሚያጣራም አልተወሰነም።»


አስተርጓሚዋ

አሁን ሆነ። ይሄን ይዘሽ ማንም ስብሰባ ላይ መናገር ትችያለሽ።


ቾክ በእጄ

በጣም ጥሩ። ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺው «ቱ ሪካፕ» ብለሽ ጀምሪና ኮማ አድርጊ፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ኃላፊ ጊዜ ይሁን፣ ያልተወሰኑት ሁለቱ ብቻ በአሁን ጊዜ ይቅሩ፣ ገና ክፍት ናቸዋ። ከስብሰባው በኋላ ኢሜይል የምትጽፊ ከሆነ ደግሞ ሪካፕድ ላይ ፒዋን መድገም እንዳትረሺ።